መምህሩ ገጣሚውን ዋጠውን?

የክርክሩ መነሻ እንዲህ ነበር። መካነ ሰላም እንደ ልማዷ በጉም ተጠቅልላ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አምስት ሆነን በአንድ ሻማ ዙሪያ ተኮልኩለን ሳለን ከመካከላችን አንዱ፣ «ደበበ ሰይፉ መምህር ባይሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ገጣሚ ይወጣው ነበር» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «ገጣሚ ባይሆን ኖሮስ ማን መምህር ይለው ነበር?» አለው። ሻማው አለቀ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ቁርስ ላይ ቀጠለ፣ ወደ ገበያ ስንወርድ ቀጠለ፤ በመጨረሻም «እንግዲያው ጻፉትና ይለይለት» ተባልንና እነሆ ወደዚህች መጽሔት ይዘነው መጣን።

ነገሩ እንደ ቀልድ ቢጀመርም ቀልድ አልነበረም። ይህችን ጽሑፍ ከምታነቡት ጓደኞቻችን ብዙዎቻችሁ፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ጠመኔ ጨብጣችሁ ወደ ሳይንት፣ ወደ ወግዲ፣ ወደ ከላላ፣ ወደ ለጋምቦ የምትበተኑ ናችሁ። ከፍራሻችሁ ሥር ደግሞ የግጥም ደብተር አለ፤ የለኝም ብሎ የሚምል ካለ ይምጣና ደብተሩን ራሳችን እናወጣለታለን። እንግዲህ የስድሳ ተማሪ ድርሰት ሲያርም ያመሸ ሰው ሌሊት ላይ የራሱን ስንኝ የሚቋጥርበት ጉልበት ይተርፈዋልን? ወይስ ቀን ቀን በሰሌዳው ላይ ያለቀው ቃል ማታ ሲፈልጉት አይገኝም? ደበበን የመረጥነው ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ ከመለሱት ሰዎች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ነው።

(በዕድሜም በዕውቀትም «አንቱ» ልንለው ይገባን ነበር። ዳሩ ግን ግጥሙን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ገጣሚውን አንቱ ማለት ይሳነዋል። «እሱ» ብንል ድፍረት ተደርጎ አይቆጠርብን።)

ሕይወቱን ባጭሩ እናስቀምጥ። ደበበ ሰይፉ በ1942 ዓ.ም. በሲዳሞ፣ ይርጋለም ከተማ ተወለደ። ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ገባ፤ ኋላም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍና ቴአትር አስተማረ። በ1973 ዓ.ም. «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። ተውኔትም ጽፏል። በ1980 ዓ.ም. «የብርሃን ፍቅር» የተሰኘው የግጥም መድበሉ ታተመ፤ ሁለተኛው መድበሉ «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ይባላል። በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና የሃምሳ ዓመት ሰው ነበር።

አንባቢ እንደሚያየው ይህ ዝርዝር ለ«ዋጠው» ባዮች ያደላል። የማስተማሪያው መጽሐፍ ከግጥሙ መድበል ሰባት ዓመት ቀድሞ ወጣ። የመጀመሪያው መድበል ሲታተም ገጣሚው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። በሃምሳ ዓመት ዕድሜ ሁለት መድበል! ሌላው በዚህ ዕድሜ ስድስትና ሰባት ያሳትማል (ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ማን እንደሚያነበው ሌላ ጉዳይ ነው)። ስለዚህ ጓደኛችን «ጊዜውን የበላው ክፍል ነው፣ ጉልበቱን የበላው ፈተና ማረም ነው» ሲል ባዶ እጁን አልመጣም። ቁጥር ይዟል።

ይሁንና ቁጥሩን ለጊዜው እናቆየውና አንዲት ቃል እናንሣ።

«መቼት»። ሁላችንም ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በቃላችን አጥንተናታል። ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ማለት ነው፤ ሁለት ማርክ። ከየት እንደመጣች የጠየቀ አልነበረም፤ ከሰማይ የወረደች፣ ከጥንት የነበረች ትመስለን ነበር። «ገፀ ባሕርይ» እና «ቃለ ተውኔት» ሳይቀሩ ዛሬ ሥነ ጽሑፍን በአማርኛ ስንማር ከአፋችን የማይለዩት ብዙዎቹ ሙያዊ ቃላት በደበበ ስም ይጠራሉ። ከሁሉም ግን «መቼት» ትለያለች።

እስቲ አሠራሯን እንመልከት። «መቼ» እና «የት» ናቸው የተጋቡት። «የት» መጀመሪያዋ ላይ ያለችውን ፊደል ለትዳሩ ስትል ጣለች፤ ትርጉሟን ግን አልጣለችም። እዚህ አጠገባችን ሳይንት ውስጥ ተድባበ ማርያምን በመሰለ ጥንታዊ ደብር ዙሪያ ያደገ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ልጅ ይህን አሠራር ወዲያው ያውቀዋል። ከቃል ላይ አንድ ፊደል አንሥቶ ሁለት ነገር ማናገር፣ ዋድላም ይሁን ዋሸራ ይሁን ጎንጅ፣ የቅኔ ቤት የዕለት ሥራ ነው። ደበበ ይህን ሥራ ለዘመናዊ ክፍል አዋለው። አንድ ቃል ይተረጉማል ተብሎ የተቀመጠ መምህር ከመዝገበ ቃላት ውስጥ ከግዕዝ አንድ ከባድ ቃል ፈልፍሎ አውጥቶ ተማሪው ላይ ቢጭንበት ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ከእናት አፍ፣ ከመንገድ ላይ ሁለት ቃል አነሣ።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። የፈረንጁ ቃል፣ «ሴቲንግ» የሚሉት፣ አንድ ነገር የተቀመጠበትን ስፍራ ያመለክታል፤ ነገሩ ተቀምጧል፣ አለቀ። «መቼት» ግን ሁለት ጥያቄዎች የወለዷት ቃል ናት። ተማሪው ቃሏን በጠራ ቁጥር ሳያውቀው «መቼ? የት?» እያለ ይጠይቃል። መልስ ሳይሆን ጥያቄ የሚያስተምር መምህር፣ ያንንም ጥያቄ በሦስት ፊደል ውስጥ የሚቋጥር መምህር፣ ገጣሚ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እኛ በበኩላችን «መቼት»ን ከደበበ ግጥሞች መካከል አንዷ አድርገን ብንቆጥራት አናፍርም። የተሸለመ ስንኝ ሁሉ ተረስቶ እሷ ግን ከሞያሌ እስከ መቀሌ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በየዓመቱ ትጻፋለች።

«ገፀ ባሕርይ»ም ቢሆን ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። «ገጽ» ፊት ነው፤ «ባሕርይ» ከፊት በስተጀርባ ያለው ነው። እንግዲህ በልብ ወለድ ውስጥ የምናገኘው ሰው፣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን ባሕርዩ የሚታይበት ፊት ነው ማለት ነው። ይህን አንድ ሰዓት ሙሉ ሌክቸር ሊሰጡበት ይችላሉ፤ ቃሉ ግን ራሱ ሌክቸሩን ሰጥቶ ተቀምጧል።

የቴአትሩንም መጽሐፍ ርዕስ አንባቢ ልብ ይበል፤ «ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር»። ከተመልካቹ አንጻር አላለም፤ ከሃያሲው አንጻርም አላለም። ከአናጢው ጎን ቆሞ እንጨቱ እንዴት እንደሚላግ የሚያሳይ እንጂ ካለቀው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ይመቻል፣ አይመችም» የሚል መምህር አልነበረም። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንማረው በወንበሩ በኩል ነው። አንድን ግጥም እናነብና ይዘቱ ይህ፣ ቅርጹ ይህ፣ ጭብጡ ይህ ብለን ቆጥረን እናስረክባለን፤ መጋዙን ጨብጠን አናውቅም።

አሁን ወደ ግጥሙ እንሂድ፤ ክርክራችን የከረረውም እዚህ ላይ ነበርና። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ጠርዟ የተበላች መድበል አለችን፤ ብዙ ጊዜ የምትከፈተው «ጥሬ ጨው» የሚለው አጭር ግጥም ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ትይዙታላችሁ። ሐሳቡን ስንነግራችሁ ይቅር በሉን። ተናጋሪው አንዳንድ ሰዎችን አይቶ የነቁ፣ የበቁ፣ ረቂቅ ሰዎች መስለውት ኖረዋል። ኋላ ሲያያቸው ገና ያልተፈጨ ጨው ሆነው ተገኙ። ዘወትርም በነገሩ ውስጥ እንደሌሉበት ይናገራሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ግጥም ነው።

ለመሆኑ ጨው ለምን ሆነ? ጤፍ ወይም ስንዴ ያልሆነው ለምንድን ነው? ጥሬ እህል ቢፈጭም ባይፈጭም እህል ነው፤ ተቆልቶ ይበላል፣ ተዘርቶ ይበቅላል። ጥሬ ጨው ግን ለብቻው የሚበላ ነገር አይደለም፤ ዋጋው ከሌላው ጋር ተዋሕዶ ሲጠፋ ነው። ወጥ ውስጥ ገብቶ ካልሟሟ ድንጋይ ነው። ይህን ደግሞ አያቶቻችን አስቀድመው ብለውታል፤ ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል። የዚህ ደጋ ሰው አሞሌ ከአፋር በረሃ ተጭኖ ሲመጣ ያየ ሕዝብ ነው፤ እናቶቻችን ጨው ሲወቅጡ የሙቀጫውን ድምፅ እየሰማን አድገናል። ስለዚህ ግጥሙ እዚህ ሲነበብ ምስሉ በጆሮ በኩል ይገባል።

ከዚያ ደግሞ የቃሉ ጨዋታ አለ። ጨው፣ ጨዋ። አንዲት ፊደል ናት ልዩነታቸው፤ ግጥሙም ይህችን ልዩነት ይጫወትባታል። «ጨዋ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሥርዓት የያዘ፣ አንገቱን የደፋ፣ በሰው ነገር የማይገባ፤ ልጃችሁን የምትድሩለት ዓይነት ሰው። ቤተ ክህነት ስትገቡ ግን ቃሉ ዞሮ ይጠብቃችኋል፤ እዚያ «ጨዋ» ያልተማረ፣ ከትምህርቱ ውጭ ያለ ማለት ነው። እንግዲህ «ጥሬ ጨዋ» በአንድ ጊዜ ምስጋናም ስድብም ሆነ። ጨዋ ነው ብላችሁ ያከበራችሁት ሰው በዚያው ቃል መሃይም ተባለ። ይህ ኅብር ነው፤ የቅኔ ቤት ልጅ ሲሰማው «ይበል!» የሚልበት። መምህርነቱ የሰጠው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ የቃልን ሆድ ዕቃ ያውቃል።

እዚህ ላይ «ዋጠው» ባዩ ጓደኛችን እጁን አነሣ። «ግሦቹንስ ምን ትሏቸዋላችሁ?» አለ። እውነቱን ነው። ግጥሙ ውስጥ አንድ ቦታ የወፍጮና የሙቀጫ፣ የማሸትና የመቀየጥ ግሦች ተከታትለው ይደረደራሉ። «ይህ እኮ የተመሳሳይ ቃላት ትምህርት ነው! ሰሌዳው ላይ ዘርዝሮ ጽፎት ሳያጠፋው የወጣ ነው የሚመስለው። አንድ ግሥ ይበቃ ነበር።» እኛም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ኋላ ከመካከላችን አንዷ ግጥሙን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስም በጉልበቷ ላይ በጡጫ እየመታች ነበር። ዘነዘና ነው! ግሦቹ አንድ ነገር ደጋግመው ማለታቸው ስለ መውቀጥ ሊነግሩን አይደለም፤ እየወቀጡ ነው። አንድ ግሥ ቢሆን ኖሮ ጨው አንድ ጊዜ ተመትቶ ይቀር ነበር፤ በአንድ ምት ደግሞ የላመ ጨው ያየ የለም። ከዚያ በኋላ ጓደኛችን በዚህ ነጥብ ተረታ፤ ቢያንስ ዝም አለ።

ሁለተኛው ጥቃቱ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ስለዚህ እንዳለ እናስቀምጠዋለን። እንዲህ ይላል፤ «ግጥሙ ፈተና አርሞ የመለሰ መምህር ግጥም ነው። ሰዎቹን ከፊቱ አስቀምጦ ‹ገና ይቀራችኋል› ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈባቸው። እሱስ? እሱ የት ነው የቆመው?» እኛ ያገኘነው መልስ ግማሽ ነው። ግጥሙ የሚጀምረው ተናጋሪው ስለ ራሱ ስሕተት በመናዘዝ ነው፤ መስሎት ነበር፣ ተሞኝቶ ነበር። የበቃና ያልበቃን መለየት ያቃተው ሰው እሱስ መች ተፈጨ? ይሁን እንጂ ይህ ኑዛዜ ባጭሩ ያልፋል፤ ፍርዱ ግን ይቀራል። መንግሥቱ ለማን አስታውሱ። እሱም ገጣሚ፣ እሱም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ያስተማረ ሰው ነው። «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» ላይ ባሻን አንድም ቦታ አልፈረደባቸውም፤ አፋቸውን ከፍቶ ለቀቃቸው፣ ራሳቸው ተርከው ራሳቸውን አጋለጡ። መንግሥቱ ሰውየውን ያስወራዋል፤ ደበበ ሰውየውን ያርመዋል። ሁለቱም መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለመምህር ቀላሉ መንገድ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን የደበበን ቃል በራሱ በደበበ ግጥም ላይ እናንሣበት፤ የ«ጥሬ ጨው» መቼት የት ነው? መቼ ነው? ግጥሙ አይናገርም። ሰዎቹ ምን ሲሆን ነው «የለንበትም» ያሉት? ይህም አልተነገረም። ስለዚህ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን መቼት ያመጣል፤ እኛ ወሎዎች ደግሞ የምናመጣው አናጣም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ይህ አገር ሲራብ ነገሩ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተዳፍኖ እንዲቀር የፈለጉ ብዙዎች ነበሩ፤ የተማሩ፣ የነቁ፣ ንግግር የሚያውቁ፣ ጨዋ ሰዎች። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ግን ወሎ ድረስ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ክፉ ቀን መጣ፤ ያን ያላየ ቤተ ሰብ በዚህ ደጋ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙም። ግጥሙ ስለ ረሀብ የተጻፈ ነው አላልንም፤ እንደዚያ ብለን ብንከራከር ማስረጃ የለንም። የምንለው፣ እዚህ ቦረና ላይ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው «የለሁበትም» የሚለውን ሰው መልክ ያውቀዋል ነው። ከዚያም ወዲህ በወሎ ያለፈውን፣ 2013 እና 2014 ዓ.ም. የነበረውን ጦርነት ጨምሮ፣ ያየነው እኛው ነን። ስንቶቻችን ነን ያን ጊዜ «የለሁበትም» ያልነው? ግጥሙን በጡጫዋ እየመታች ያነበበችው ጓደኛችን ይህን ጠይቃ ነበር። ማንም አልመለሰላትም፤ ሻማውም ያለቀው ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ግጥም አለች፤ ከአፍ ወደ አፍ በደበበ ስም የምትዞር፣ ከ«ጥሬ ጨው» የምታጥር። ለምን ሞተ ብለው ቢጠይቁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ ተናጋሪው ይነግራችኋል፤ በሽታውም ከዘመኑ ጋር መኳረፍ ነው። እኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹን ነገር በግጥም የምታወርድ አልቃሽ አለች፤ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው፣ ምን እንደጎደለው ትናገራለች፤ ሰውም ተቀብሎ ያለቅሳል። ደበበ እዚህ ላይ ሥራዋን ቀማት። ራሱ ሞተ፣ ራሱ አለቀሰ፣ ለለቃሹም መልሱን አስጠንቶ ሄደ። የሚገርመው ደግሞ መምህርነቱ እዚህም አለመቅረቱ ነው፤ ሲጠየቁ እንዲህ በሉ ብሎ ሞቱን እንኳ በጥያቄና መልስ አስቀመጠው! ግን እዚህ ቀይ እስክሪብቶ የለም። የሚታረመው እሱ ነው።

ሁለቱን ግጥሞች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ታየን። በመጀመሪያው ከማንም የማይጣሉ ሰዎች አሉ፤ ጥሬ ናቸው፣ ደኅና ናቸው፣ ይኖራሉ። በሁለተኛው ከዘመኑ የተጣላ ሰው አለ፤ እሱ ሞቷል። እንግዲህ መፈጨት ማለት ይህ ከሆነ፣ ዋጋው ይህ ከሆነ፣ ጥሬዎቹን በምን እንወቅሳቸዋለን? ደበበ «ተፈጩ» ሲል ቀላል ነገር አላዘዘም፤ ምን እንደሚያስከፍልም ያውቅ ነበር። ይህን ካየን ወዲያ «ጥሬ ጨው»ን በመጀመሪያው ቀን እንዳነበብነው አድርገን ማንበብ አልቻልንም።

ስለ መድበሎቹ ርዕስም አንድ ቃል። የመጀመሪያው «የብርሃን ፍቅር» ነው፤ ወደ ውጭ የሚያይ፣ መስኮት የሚከፍት ርዕስ። ሁለተኛው «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ነው፤ ላኪውም ተቀባዩም አንድ ሰው። መምህር ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሲናገር ይኖራል፤ መጨረሻ ላይ ለራሱ ደብዳቤ መጻፍ ካማረው፣ ያን ሁሉ ዓመት አድራሻው የጠፋበት አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው። ይህች ርዕስ ብቻዋን ለ«ዋጠው» ባዮች ከቁጥሩ የበለጠች ማስረጃ ትመስለናለች፤ እነሱ ግን አልጠቀሷትም። እኛ እየጠቀስንላቸው ነው።

ስለ ትውልድ ቦታውም እንዲሁ። እኛ የዚህ ደጋ ልጆች አማርኛ ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ አገር አዳረሰ እያልን ስንኮራ እንውላለን፤ አማራ ሳይንት የሚለው ስም ራሱ ይመስክር እንላለን። ይሁን። ግን በአማርኛ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የምንናገርበትን ቃል ያበጀልን ሰው አማርኛ ከሲዳምኛ ጋር ጎረቤት ሆኖ በሚነገርበት በይርጋለም የተወለደ ነው። ከጎረቤት ቋንቋ ጋር ያደገ ጆሮ የራሱን ቃል እንደ አዲስ ዕቃ አገላብጦ ማየት ሳይቀለው አይቀርም። እኛ ግን «መቼ»ንና «የት»ን ዕድሜ ልካችንን ስንላቸው ኖረን ሊጋቡ እንደሚችሉ አንድም ቀን አልታየንም።

ከሩቅ አገር አንድ ምስክር እንጥራ። በብሪታንያ ምዕራብ ዌልስ የምትባል ተራራማ አገር አለች፤ እንግሊዝኛ ሊውጠው የደረሰ የራሷ ቋንቋ አላት። በዚያ ቋንቋ ከጻፉት ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ ዋልዶ ዊልያምስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ተወልዶ በ1971 የሞተ። የልጆች አስተማሪ ነበር። የቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለነበረ ዌልስኛን የተማረው በሰባት ዓመቱ ወደ አንዲት የገጠር መንደር ሲሄዱ፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ሲጫወት ነው። ለልጆች የጻፈውን ሳንቆጥር በሕይወቱ ያሳተመው የግጥም መድበል አንድ ብቻ ነው፤ በ1956 የወጣው «ዴል ፕሬን»፣ የዛፍ ቅጠሎች እንደ ማለት። ለጦርነት የሚውል ግብር አልከፍልም ብሎም በ1960 እና በ1961 ታስሯል። አንድ መድበል! ይሁንና በአገሩ ሰው ዘንድ ብዙ ካሳተሙት በላይ ይጠራል። ከዘመኑ ጋር መኳረፍ ለይርጋለሙ መምህር ብቻ የተሰጠ ዕጣ እንዳልነበረም ያሳያል። እኛው አገርም ዮሐንስ አድማሱን ማንሣት ይበቃል፤ እሱም ገጣሚ፣ እሱም የዩኒቨርሲቲ መምህር። የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወትና ሥራ ሲያጠና ኖሮ የራሱ ግጥሞች «እስኪ ተጠየቁ» ተብለው በመጽሐፍ የወጡት እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከሞተ በኋላ መታተም ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ለማጽናኛ አላመጣነውም። ቁጥሩ ብቻውን እንደማይፈርድ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? አልዋጠውም። አንዳንዴ ግን ተጭኖታል። ምስሉ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ መምህሩ ብድግ ብሎ «ገባችሁ?» የሚልበት ቦታ በደበበ ግጥሞች ውስጥ አይታጣም፤ ያን ጊዜ ገጣሚው ወንበሩን ለቆ ይቆማል። የቃል ሆድ ዕቃ በሚፈተሽበት ቦታ ግን ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሞከረ ሁሉ እንደ እኛ ሻማውን ጨርሶ ይቀመጣል።

ደበበን እዚህ ላይ የምንነካው እኛ ንጹሕ ስለሆንን አይደለም። ያለፉትን የዚህችን መጽሔት ቅጠሎች ገልብጡ። ከግጥሞቻችን መካከል በመጨረሻው ስንኝ ላይ መምህር የማይገባበት ስንት ነው? ሸክላ ሠሪዋን አምጥተን፣ እጇን አሳይተን፣ ጭቃውን አሳይተን፣ ልክ ደስ ሊል ሲል «ስለዚህ ወገኔ ሆይ ንቃ» ብለን እንዘጋዋለን። የደበበን ቀይ እስክሪብቶ ወርሰን ዘነዘናውን ረስተነዋል። ይህን ስንጽፍ ባለፈው ጊዜ ከመካከላችን በአንዱ ስም የወጣው ስለ አባይ ገደል የሚናገረው ግጥም ትዝ ብሎን ተሳስቀናል፤ ባለቤቱም ስቋል፣ ግን ብዙም አልሳቀም።

አንድ ነገር ቀረን። ከመካከላችን አንዱ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። የመጀመሪያ ቀኑ ነው፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሰሌዳው ላይ «መቼት» ብሎ ጻፈና «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ነጠላውን የተከናነበ ልጅ እጁን አወጣ። መምህሩ «የታሪኩ ጊዜና ቦታ» የሚለውን መልስ እየጠበቀ «እሺ፣ በል» አለው።

ልጁ ተነሥቶ ቆመና፣ «ጋሼ፣ መቼ መጡ? ከየት መጡ? ማለት ነው» አለ።

ጓደኛችን ልክ ነው ይበለው፣ ስሕተት ነው ይበለው አላወቀም ነበር። ለጊዜው «ከወግዲ ነኝ፤ ትናንት ነው የገባሁት» ብሎ መለሰለት።